የጥንዶች የፐርሰናሊቲ ትሬኒንግ ገብተን ነበር፣ አንደኛው ቀን ቢቀርባችሁ አይቆጫችሁም

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያቸው ሲዞር አይታችሁ ይሆናል፣ "የትዳር አጋርዎን ማንነት ይወቁ" ምናምን የሚል፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ የጥንዶች ትሬኒንግ። ስማቸውን አልጠራም፣ እንደነሱ አይነት አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በየሆቴሉ ሞልቷል፣ የሚያስተምሩትም ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ነው፣ ስለዚህ ይሄን ሪቪው ለሁሉም ውሰዱት። እኔና ባሌ ገብተን ጨርሰናል። ለጥንድ 6,000 ብር ነው፣ ሙሉ ሁለት ቀን፣ ሀያ ሁለት አካባቢ ያለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ምሳና ሻይ ቡና አለው፣ ሲያልቅ ሰርተፍኬትም ይሰጣሉ (ሰርተፍኬቱ ምን እንደሚሰራ አትጠይቁኝ፣ ባሌ ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል፣ በተጣላን ቁጥር በጣቱ ያሳየኛል)።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፣ ቅዳሜ የሚሰጡት ነገር ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በነፃ የምታገኙት ነው፣ እሱም ላይ ያልሆነውን ሁሉ ጨምረውበታል፣ የእሁዱ ግን ብቻውን ቢሸጥ ከፍዬ እገባለሁ። ለምን እንደሆነ ልዘርዝር።

አንድ ነገር ላስቀድም፣ ዩኒቨርስቲ የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፣ የምሰራው ባንክ (ያው የሀገራችን ነገር)። ቲዎሪዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ደብተሬም አለ፣ ግን አማካሪ ምናምን አይደለሁም። ዓመተ ምህረት የምጠቅሰውም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የገባነው ብዙ ጥንድ ነበርን፣ አብዛኞቹ እጮኛሞች ናቸው፣ ሰርጋቸው ከፋሲካ በኋላ የሆኑ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚገቡ አይነት። እንደኛ የተጋቡ ጥቂት ነን። ልጆቻቸው ከፍለውላቸው የመጡ አባባና እማማም ነበሩ፣ ስለነሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ። አሰልጣኙ ጨዋታ አዋቂ ነው ይሄን አልክድም፣ ሳቅ በሳቅ ነው ያደረገን። ጠዋት ወረቀት ተሰጠን፣ አዎ ወይ አይደለም እያላችሁ ትሞላላችሁ፣ ከዛ ደምራችሁ አራት ፊደል ይወጣላችኋል፣ አይኤስቲጄ፣ ኢኤንኤፍፒ እየተባለ፣ በዓለም ላይ 16 አይነት ሰው አለ የሚባለው ማለት ነው። አብዛኞቻችሁ 16ፐርሰናሊቲስ በሚባለው ዌብሳይት ሞልታችሁት ታውቃላችሁ፣ ያ እንግሊዝ ሀገር ያለ ድርጅት ሰርቶት በነፃ ያስቀመጠው ነው፣ የኛ አሰልጣኝ ወረቀት ከዛ የተቀዳ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ ቀለሙ እንኳን ተመሳሳይ ነው፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ለሚለው አሰልጣኙ "በሳይንስ የተረጋገጠ" የሚል አንድ ስላይድ አሳይቶ አለፈ። እንደዛ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ካርል ዩንግ የሚባል የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም በ1921 ስለ ሰው አይነቶች መፅሀፍ ፃፈ፣ እሱ ራሱ ሰውን ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ብሎ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ካትሪን ብሪግስ የምትባል እናትና ኢዛቤል ማየርስ የምትባል ልጇ የዩንግን ሀሳብ ወሰዱና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥያቄ አዘጋጁለት፣ ሁለቱም ሳይኮሎጂ የተማሩ አልነበሩም፣ ሀሳባቸው ሰው ለጠባዩ የሚስማማ ስራ እንዲያገኝ ነበር። ስራ ነው ያልኩት፣ ባል አላልኩም። ደግሞ የማየርስ ብሪግስ (ቴስቱ በነሱ ስም ነው የሚጠራው) ባለቤቶች ራሳቸው ይሄን ቴስት ሰው ለመቅጠር አትጠቀሙበት ይላሉ። ለመቅጠር ያልሆነ ነገር ለማግባት ይሆናል እንዴ?

ትልቁ ችግሩ ግን ቆረጣው ነው። የሰው ጠባይ ቢለካ አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው የሚውለው፣ ጫፍና ጫፍ ያለው ጥቂት ነው፣ ይሄ ቴስት ግን መሀሉ ላይ መስመር ያሰምርና ከዚህ ወዲያ ኢንትሮቨርት (ብቻውን መሆን የሚመቸው) ከዚህ ወዲህ ኤክስትሮቨርት (ሰው መሀል መሆን የሚመቸው) ይላል። ባሌ 11 ለ10 ነው የወጣለት። በአንድ ጥያቄ ብልጫ ኢንትሮቨርት ተባለና ሰማያዊ ካርድ ደረቱ ላይ ተለጠፈለት። ያቺን አንዷን ጥያቄ ደግሞ አየኋት፣ "ፓርቲ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ያስደስትዎታል?" የምትለዋ ናት፣ አይደለም ብሏል። እውነቱን ነው፣ ፓርቲ ላይ ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው። ግን ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ብታዩት፣ ካርታ የሚያጫውተው እሱ፣ አዛውንቶቹን የሚያወራው እሱ፣ ከእድሩ ሰዎች ጋር ወንበር የሚያመላልሰው እሱ፣ ሶስት ሌሊት አድሮ ድምፁ እስኪዘጋ ነው የሚያወራው፣ ከማያውቀው ሰው ጋር። ወረቀቱ ላይ ስለ ድንኳን የሚጠይቅ የለም። ለዚህ ነው ይሄን አይነት ቴስት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲሞሉት እስከ ግማሽ የሚደርሱ ሰዎች ላይ ፊደላቸው ተቀይሮ የሚገኘው፣ ሰውየው ስለተቀየረ አይደለም፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው።

እዚህ ድረስ ጨዋታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከሻይ በኋላ ግን "ማን ከማን ይገጥማል" የሚል ሰንጠረዥ አመጡ። 16 በ16፣ አረንጓዴ ከሆነ ይገጥማል፣ ቀይ ከሆነ ተጠንቀቁ። በናታችሁ! ፊት ለፊታችን የተቀመጡት እጮኛሞች ቀይ ወጣባቸው፣ ልጅቷ ሳቀች፣ ልጁ አልሳቀም፣ ከዛ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ እጇን አልያዛትም።

እኔ ትዝ ያለኝ አውደ ነገሥት ነው። አክስቴ እኔን ልታጋባ ስትነሳ ደብተራ ጋ ሄዳ የሁለታችንንም ስም ከየእናቶቻችን ስም ጋር አስቆጥራ ነበር፣ ፊደሉ በቁጥር ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ የቀረው ኮከባችሁ ነው፣ ኮከቡ ደግሞ እሳት ወይ መሬት ወይ ነፋስ ወይ ውሃ ይሆናል፣ እሳትና ውሃ ከሆናችሁ አለቀ። አራት ባህርይ በአራት ቀለም መሆኑ ነው እንግዲህ፣ የአሰልጣኙ ልዩነቱ ፕሮጀክተር አለው። የደብተራው ዋጋም ይቀንሳል። እዛው አዳራሽ ውስጥ አባባ እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ እኛ ይሄን ፊደል ሳንቆጥር ነው ሰባት ልጅ ያሳደግነው" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እማማ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ኧረ እሳቸው ፊደላቸው ጭቅጭቅ ነው" አሉ። የቀኑ ምርጥ ትምህርት እሷ ነበረች።

"ግን እኮ ስለኔ የፃፈው ሁሉ ልክ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ፣ አጠገቤ የነበረችውም ልጅ እንደዛ ነው ያለችው፣ እንባ ሁሉ ተናነቃት። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አስተማሪ 39 ተማሪዎቹን የጠባይ ቴስት ፈተነና ለእያንዳንዳቸው "ያንተ ውጤት" ብሎ ወረቀት ሰጣቸው፣ ከ5 ስንት ልክ ነው ሲላቸው በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለሁሉም የሰጠው አንድ አይነት ፅሁፍ ነው፣ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መፅሀፍ የለቃቀመው። "አንዳንዴ ከሰው ጋር ትጫወታለህ፣ አንዳንዴ ደግሞ ብቻህን መሆን ትፈልጋለህ" አይነት ነገር። ማን ነው እኔ እንደዛ አይደለሁም የሚል?

አሁን ቁም ነገሩ። ጠባይ ትዳር ላይ ምንም አያመጣም እያልኩ አይደለም፣ ያመጣል፣ የሚያመጣው ግን እነሱ የዘለሉት ነው። ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያምኑት ቢግ ፋይቭ የሚባለውን ነው፣ አምስት መለኪያ፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ስርዓትና ጥንቃቄ፣ ተጫዋችነት፣ ለሰው መመቸትና አምስተኛው ኒውሮቲሲዝም የሚሉት፣ ማለትም ቶሎ መረበሽ፣ ቶሎ መከፋት፣ መጨነቅ። ሳጥን የለውም፣ ሁሉም ሰው በሁሉም ላይ የሆነ ቦታ አለው። ማክሬና ኮስታ የሚባሉ ሰዎች በ1989 የማየርስ ብሪግስን ፊደሎች ከዚህ ጋር ሲያስተያዩ አራቱ ፊደሎች ከአራቱ መለኪያዎች ጋር ይቀራረባሉ፣ አምስተኛው ግን የለም፣ ቶሎ መረበሽን የሚለካ ፊደል የለም። ትዳር ላይ ደግሞ ደጋግሞ የሚወጣው እሱ ነው! ኬሊና ኮንሊ በ1987 ያወጡት ጥናት አለ፣ በ1930ዎቹ የታጩ 300 ጥንዶችን እስከ 1980 ድረስ የተከታተለ፣ እዛ ላይ ፍቺንና ደስታ ማጣትን ቀድሞ የጠቆመው የባልየው ቶሎ መረበሽ፣ የሚስትየው ቶሎ መረበሽ፣ ደግሞም ባልየው ስሜቱን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። (16ፐርሰናሊቲስ መጨረሻ ላይ የሚጨምራት አምስተኛዋ ፊደል ወደዚህ ትቀርባለች፣ ለነሱ ይሄን ልስጣቸው።) አሰልጣኙ ቢግ ፋይቭን ምሳ ሰዓት ሲደርስ በአንድ ስላይድ ገረፍ አድርጎ "ይሄም አለ" ብሎ ዘጋው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ "ባለቤትዎ ቶሎ የሚከፉ ሰው ናቸው" ብለህ በቀለም ካርድ ደረቱ ላይ አትለጥፍም፣ ማን ከፍሎ ይመጣል።

ስለ መግጠም ደግሞ ልጨርሰውና። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ 43 የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ አድርጎ 11,196 ጥንዶችን በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ራሱ ከዳታው እየተማረ) ያየ። ሰው በግንኙነቱ ምን ያህል ደስተኛ እንደሆነ ይበልጥ የሚናገረው የግንኙነቱ የራሱ ሁኔታ ነው፣ አጋሬ ለኔ ቆርጦ ቆሟል ብዬ ማመኔ፣ ያመሰግነኛል ወይ፣ አልጋ ላይ እንዴት ነን፣ ስንጋጭስ እንዴት ነው የሚሉት፣ እነዚህ በደስታው ላይ ሰው ከሰው ያለውን ልዩነት እስከ 45 በመቶ ያብራራሉ፣ የግለሰቡ ጠባይና ሁኔታ ደግሞ እስከ 21 በመቶ። የአጋሬ ጠባይ በራሱ የሚጨምረው ኢምንት ነው። ማለትም 6,000 ብር ከፍዬ የባሌን ፊደል ከማውቅ፣ ባሌ ቡና ሳፈላለት ማመስገኑን ብጠይቅ ይሻለኛል።

ምሳ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁና ወደ እሁድ። አንድ ሰውዬ ሚስቱ "ለምን ለእናቴ ሳትደውል ቀረህ" ስትለው፣ ሩዝ አፉ ውስጥ እንዳለ የደረቱን ካርድ በጣቱ ጠቆማት። "አይ ነኝ" አለ፣ ኢንትሮቨርት ነኝ ለማለት። ጉድ ነው፣ ጠዋት የተሰጠው ካርድ ቀትር ላይ ሰበብ ሆነለት። ይሄ የነዚህ ትሬኒንጎች ትልቁ ጉዳታቸው ይመስለኛል፣ ሰው ስለ ሚስቱ ሊማር ገብቶ ስለራሱ ጠበቃ ይዞ ይወጣል።

እሁድ። እሁድ ሌላ አሰልጣኝ ናት፣ ሴት፣ ብዙ የማትስቅ፣ ስላይዷም ያረጀ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ቅዳሜን ናፈቀ። ርዕሷ አታችመንት ነው፣ ከምንቀርበው ሰው ጋር የምንተሳሰርበት መንገድ ማለት ነው፣ ቲክቶክ ላይ "አንክሸስ ነኝ (እንዳልተው የምሰጋ)፣ አቮይዳንት ነው (መቅረብ የሚሸሽ)" የምትባባሉበት። እሷ ግን የጀመረችው ከኡጋንዳ ነው፣ ይሄ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባለው ተመራማሪ እናቶችና ህፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ማየት የጀመረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች ነው፣ አሜሪካ ባልቲሞር የሰራችው የታወቀው ሙከራ ከዛ በኋላ የመጣ ነው። እናት ክፍሉን ጥላ ስትወጣና ስትመለስ የአንድ ዓመት ህፃን ምን ያደርጋል፣ ሄዶ ይታቀፍና ይረጋጋል? ታቅፎም ማልቀሱን አያቆምም? ወይስ እንዳላየ ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወታል? ከዛ በ1987 ሀዛንና ሼቨር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይሄንኑ ወደ ፍቅር አመጡት፣ አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ ሶስት አንቀፅ አውጥተው "የትኛው አንተን ይመስላል" ብለው አንባቢውን ጠየቁ፣ ከመለሱት 56 በመቶ ሴኪውር (ተረጋግቶ የሚቀርብ)፣ 25 በመቶ አቮይዳንት፣ 19 በመቶ አንክሸስ ነን አሉ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ጥያቄ ነው እንግዲህ የጀመረው፣ ዛሬ የደረሰበትን እዩ።

እሷ የደገመችልን ነገር (ደጋግማ ነው የተናገረችው) ይሄም ቢሆን ሳጥን አይደለም። ሁለት መስመር ነው፣ አንዱ ምን ያህል እንዳትተወኝ ብዬ እሰጋለሁ፣ ሁለተኛው ምን ያህል መቅረብ ይከብደኛል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ከአንዱ ሰው ጋር ከፍ ብለው ከሌላው ጋር ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፣ ጥሩ ሰው ጋር ብዙ ስትኖር ይቀየራሉ። እናቴ ህፃን ሆኜ እንዲህ ስላደረገችኝ ነው የሚለውም ብዙ አያስኬድም፣ ከህፃንነት እስከ ትልቅነት ያለው ዝምድና ደካማ ነው። አንዷ "እኔ አንክሸስ ነኝ፣ እሱ አቮይዳንት ነው፣ አይሆንም ማለት ነው?" ስትላት "ማን ነው ይሄን የነገረሽ?" አለቻት፣ "ቲክቶክ" አለች፣ አሰልጣኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዛ መልመጃው መጣ፣ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ወንዶቹን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ደርድራ አስቀመጠቻቸው፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ ቀረን። ወረቀቱ ላይ የሚሞላው ይሄ ብቻ ነው፦ "እሷ/እሱ ... ሲያደርግ፣ እኔ መጀመሪያ የማስበው ... ነው፣ ከዛ የማደርገው ... ነው።" ጠባይ መፃፍ ክልክል ነው። "ኩሩ ነው"፣ "ግድ የለሽ ናት" ብሎ የፃፈ ሰው ወረቀቱ ይመለስለታል። የሷን አባባል እንዳለ ላስቀምጠው፣ "ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፣ መቼ ምን እንደሚያደርግ ነው የጠየቅኩሽ" አለችኝ፣ የኔ ወረቀት ሁለቴ ተመልሷል።

በመጨረሻ የፃፍኩት፦ ስልኬን ሳያነሳ ሲቀር መጀመሪያ የማስበው መኪና ገጭቶታል ነው፣ ቀጥሎ የማስበው ሆን ብሎ ነው፣ ከዛ የማደርገው እስኪያነሳ መደወል። ተለዋወጥን፣ አስር ደቂቃ ሳንነጋገር ማንበብ ብቻ። የሱ ወረቀት፦ ደጋግማ ስትደውል መጀመሪያ የማስበው የሆነ ጥፋት አጥፍቻለሁ ማለት ነው፣ ከዛ የማደርገው ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምን እንደምላት ማሰብ ነው። ከስር በትንንሽ ፊደል "ማሰቡ ጊዜ ይወስዳል" ብሎ ጨምሯል።

እንግዲህ እኔ በደወልኩ ቁጥር እሱ ይገለብጣል፣ በገለበጠ ቁጥር እኔ እደውላለሁ። ቅዳሜ በፊደል "እሷ ኤፍ ናት፣ እሱ ቲ ነው፣ ስለዚህ" (ኤፍ በስሜት፣ ቲ በማመዛዘን የሚወስን ለማለት) ተብሎ የተዘጋው ነገር ይሄ ነበር። ሳይኮሎጂ ውስጥ ስም አለው፣ አንዱ ያሳድዳል አንዱ ይሸሻል፣ ክሪስተንሰንና ሄቪ በ1990 ሲያጠኑት ሚናው ሙሉ በሙሉ በሰውየው ጠባይ የሚወሰን አይደለም፣ በጉዳዩም ነው፣ ለውጥ የሚፈልገው ሰው ነው ይበልጥ የሚያሳድደው። አሰልጣኟ ይሄን ስትናገር ባሌና እኔ ተያየን። ምክንያቱም ገንዘብ ላይ የኛ ቤት ይገለበጣል! ደሞዝ የገባ ቀን "እቁቡን አስገባሽ?"፣ "የቤት ኪራዩስ?"፣ "ስንት ቀረሽ?" እያለ ሶስት ጊዜ የሚደውለው እሱ፣ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብዬ የምዘጋው እኔ (ስብሰባ የለም)። እና ማን ነው አቮይዳንቱ?

ዋልተር ሚሸል የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1968 የፐርሰናሊቲ ሰዎችን ሁሉ ያስቆጣበት ነገር ይሄ ነበር፣ የሰውን ድርጊት ከጠባይ ቴስት መተንበይ እንደምታስቡት አይደለም፣ ሁኔታው ብዙ ይለውጣል ብሎ። ያኔ ስማረው ለፈተና ነው የሸመደድኩት። በኋላ እሱና ሾዳ የሚባል ባልደረባው በ1995 ሲያስታርቁት ሰው ወጥ የሆነ ነገር አለው፣ ወጥነቱ ግን "እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲያ ሲሆን ደግሞ እንዲያ" በሚለው ቅርፅ ነው አሉ። ባሌ ፓርቲ ላይ ዝም፣ ድንኳን ውስጥ አፈ ጮሌ፣ ስልክ ላይ ሸሺ፣ ገንዘብ ላይ አሳዳጅ፣ ሁልጊዜም እንደዛው ነው፣ ባሌን የማውቀው በዚህ ነው። ይሄን ደግሞ የትኛውም ፊደል ሊነግረኝ አይችልም፣ ወረቀቱን ግን ባዶ አድርጎ ከሰጡን እኛው እንሞላዋለን።

አባባና እማማ ምን እንደፃፉ ማንም አላየም፣ ፃፉና ተለዋወጡና አነበቡ፣ አባባ መነፅራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እማማ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። አሰልጣኟም አልጠየቀቻቸውም፣ ይሄን አድንቄያለሁ፣ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ መድረክ ላይ ወጥታችሁ አካፍሉን ይባሉ ነበር።

አንድ የከፋኝ ነገር አለ፣ ይሄ ከዋጋውም በላይ ነው። ቅዳሜ አንዲት ልጅ በጥያቄ ሰዓት እጮኛዋ ስልኳን እንደሚፈትሽ፣ ጓደኞቿ ጋ ስትሄድ እንደሚቆጣ ተናገረች፣ ድምፇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሰልጣኙ "የሱ አይነት ሰው ጠባቂ ነው፣ ፍቅሩን የሚገልፀው እንደዛ ነው" አላት። ኧረ አይደለም! የሚቆጣጠር፣ የሚያስፈራራ፣ እጁን የሚያነሳ ሰው ጉዳይ የፐርሰናሊቲ አይነት ጉዳይ አይደለም፣ እንደዛ አይነት ነገር ውስጥ ያላችሁ እዚህ አትግቡ፣ ለብቻችሁ የምታምኑት ሰውና የሰለጠነ አማካሪ ጋ ሂዱ። ሻይ ሰዓት ላይ ፈልጌ አናገርኳት፣ እሁድ አልመጡም።

ሌላ ሌላው፣ አዳራሹ ጥሩ ነው፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ፓርኪንግ የለም ማለት ይቻላል፣ በራይድ ሂዱ። ቡናው የጀበና ነው። ምሳው የፆም ላልሆነ ሰው ጥሩ ነበር አሉ፣ ለፆመኛ ግን ሩዝና ጎመን፣ ያውም እሁድ የተረፈው የቅዳሜው ጎመን መሰለኝ። ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ማስታወቂያው ላይ አልተፃፈም፣ በር ላይ ነው የሚነግሯችሁ፣ አንዱ ጥንድ በዚህ ምክንያት ተመልሷል፣ ብራቸው ተመልሶላቸው እንደሆነ እንጃ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ቅዳሜ ከ5 አንድ ከግማሽ፣ ግማሹ ለሳቁ ነው። እሁድ ከ5 አራት ከግማሽ፣ የጎደለው ግማሽ ጊዜው ስላነሰ ነው፣ መልመጃው ቀኑን ሙሉ መሆን ነበረበት።

መክፈል ለማትፈልጉ፣ የቢግ ፋይቭ ጥያቄዎች በነፃ አሉ፣ ሉዊስ ጎልድበርግ የጀመረው አይፒአይፒ የሚባለው የጥያቄ ክምችት ለማንም ክፍት ነው፣ እሱን የሚጠቀሙ ነፃ ዌብሳይቶች አሉ። ለአታችመንት ደግሞ ኢሲአር-አር የሚባል 36 ጥያቄ ያለው አለ፣ ክሪስ ፍሬሊ የሚባል ተመራማሪ ዌብሳይቱ ላይ አስቀምጦታል፣ ውጤቱ በሁለቱ መስመር ላይ የት እንዳላችሁ ያሳያችኋል። እንግሊዝኛ ናቸው፣ አንዳንዱ ጥያቄ ለኛ ኑሮ ግራ ነው፣ ለየብቻ ሙሉት፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ አትሙሉ፣ ባሌ ለኔ ሊሞላልኝ ሲል ነው ሌላ ፀብ የተነሳው። የእሁዱ መልመጃ ደግሞ ባዶ ወረቀትና ሁለት እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው፣ ግን ቤት ውስጥ ስታደርጉት "ጠባይ አትፃፍ" ብሎ ወረቀት የሚመልስ ሰው የለም፣ እኛ ሞክረነው ሶስተኛው መስመር ላይ "ግትር" የሚል ቃል ገባ።

ለመግባት የወሰናችሁ መጀመሪያ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ እሁድ የምታሰለጥነው ያቺው ሴትዮ ናት ወይ፣ ደግሞም እሁድ ብቻ መግባት ይቻላል ወይ። ማስታወቂያው ላይ የለም፣ ግን ጎረቤቶቻችን ጠይቀው በግማሽ ዋጋ አስገብተዋቸዋል።